ስለ ኦስካር ጠይቁኝ፦ ከኮዬ ፈጬና ከአካባቢው የመጡ ጥያቄዎች

ስለ ኦስካር እጩዎችና አሸናፊዎች የከነከናችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እንጀራዬ የፊልም ኤዲቲንግ ስለሆነ ይህን ሽልማት በየዓመቱ በጉጉት ነው የምከታተለው። የቻልኩትን ያህል እነሆ።

ጥያቄ፦ እጩዎቹን ማነው የሚመርጠው? ዳኞች አሉት? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ አምስት ስድስት ሰው ተቀምጦ የሚዳኘው ውድድር አይደለም። የአሜሪካው የፊልም አካዳሚ ከ10,000 በላይ አባላት አሉት፤ በየሙያቸውም ተከፋፍለዋል። ተዋናይ ተዋናይን፣ ኤዲተር ኤዲተርን ያጫል። ምርጥ ፊልምን ግን ሁሉም ያጫሉ፤ በመጨረሻው ዙርም ሁሉም በየዘርፉ ድምፅ መስጠት ይችላሉ። እኔ ይህን አሠራር እወደዋለሁ። የት ጋ ተቆርጦ የት ጋ እንደተቀጠለ የሚያውቀው በዚያው ሥራ ሲያድር የኖረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በአንድ ዘርፍ የመጨረሻ ድምፅ ለመስጠት የዘርፉን እጩዎች በሙሉ ማየት ግዴታ ይሁን ተባለ። ቀድሞም መሆን የነበረበት ነው።

ጥያቄ፦ ብዙ ሰው አንደኛ ያለው ፊልም እንዴት ይሸነፋል? (ከአቃቂ)

መልስ፦ ይሄ በምርጥ ፊልም ዘርፍ ብቻ ያለ ነገር ነው። አባላቱ አሥሩን እጩዎች ከአንደኛ ጀምረው በደረጃ ይጽፋሉ። ከግማሽ በላይ አንደኛ የተባለ ከሌለ፣ ትንሽ ድምፅ ያገኘው ይወጣና ለእሱ የተሰጡት ወረቀቶች በሁለተኛነት ወደጻፉት ፊልም ይዞራሉ። ከግማሽ የሚያልፍ እስኪገኝ እንዲህ ይቀጥላል። ስለዚህ ግማሹ ሰው ወዶት ግማሹ የጠላው ፊልም፣ ብዙዎች ሁለተኛ ባሉት ሊበለጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሐውልቱ እውነት ወርቅ ነው? (አንዲት እናት፣ ከገላን)

መልስ፦ ነሐስ ሆኖ በ24 ካራት ወርቅ የተለበጠ ነው፣ እማማ። 3.85 ኪሎ ይመዝናል። ተሸላሚውም መጀመሪያ ለአካዳሚው በ1 ዶላር ግዙኝ ሳይል ለሌላ ሰው መሸጥ አይችልም።

ጥያቄ፦ ከእኛ ሰው ታጭቶ ያውቃል? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ አዎ! ሩት ኔጋ አዲስ አበባ ነው የተወለደችው፤ አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አየርላንዳዊት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 «ለቪንግ» ላይ ባሳየችው ትወና ለምርጥ ሴት ተዋናይ ታጭታ፣ ኤማ ስቶን አሸነፈች። ያ ምሽት ፖስታ የተሳሳተበት ነው። የእያንዳንዱ ዘርፍ ፖስታ ሁለት ሁለት ሆኖ በመድረኩ ግራና ቀኝ ይያዝ ነበር። ምርጥ ፊልምን ለሚያበስሩት የተሰጣቸው የምርጥ ሴት ተዋናይ ትርፍ ፖስታ ሆነ፤ ወረቀቱ ላይ ከኤማ ስቶን ስም ጋር የሠራችበት ፊልም «ላ ላ ላንድ» ስለተጻፈ እሱ ተጠራ። አሸናፊው «ሙንላይት» ነበር። እጩነት ባይደርስም ሌላም አለ፦ የጄሲካ በሽር ዘጋቢ ፊልም «ፋያ ዳዪ» ለ2022ቱ ሽልማት ከተለዩት 15 ዘጋቢ ፊልሞች አንዱ ነበር።

ጥያቄ፦ የእኛን ፊልሞች የሚጥላቸው ቋንቋው ነው? (ከሰበታ)

መልስ፦ በፍጹም፣ ወንድሜ! በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ ከንግግሩ ከግማሽ በላይ እንግሊዝኛ ያልሆነ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የናይጄሪያው «ላየንኸርት» የተሰረዘው እንግሊዝኛ ስለበዛበት ነው። አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ እዚያ መግቢያ እንጂ መሰናክል አይሆንም። በዚህ ዘርፍ አንድ አገር በዓመት አንድ ፊልም ብቻ ይልካል፤ የሚመርጠውም አካዳሚው የተቀበለው የአገሩ ኮሚቴ ነው። ከዚያ 15 ይለያሉ፣ ከ15ቱ አምስቱ ይታጫሉ። እኛ እ.ኤ.አ. በ2014 «ድፍረት»ን፣ በ2015 «ላምብ»ን ልከናል። «ድፍረት» በሰንዳንስም በበርሊንም የፊልም ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት ያገኘ፣ «ላምብ» በካን ፌስቲቫል ላይ በይፋዊው ምርጫ የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ሆኖም አምስቱ ውስጥ አልገቡም። እኔ አጥብቄ የማምነው፣ የጎደለን ከመላኩ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ሌሎች አገሮች ፊልማቸውን ወራት ሙሉ ሎስ አንጀለስ ላይ ለአባላቱ ያሳያሉ፣ ያስተዋውቃሉ፣ ገንዘብ ያፈሳሉ። ያልታየ ፊልም ደግሞ ድምፅ አያገኝም።

ጥያቄ፦ በቀጥታ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚታየው? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ የ2025ቱ ሰኞ ሊነጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው የጀመረው። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ከገፉ በኋላ ከዋለ ግን ለእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ እደሩ።

ጥያቄ፦ 46 ደቂቃ የሆነ አጭር ፊልም ሠርቻለሁ። ማስገባት እችላለሁ? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ እንዲህ እንዳለ አይቻልም፣ የስም ዝርዝሩን ጨምሮ ከ40 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። ካሳጠርከው ግን መንገድ አለ፦ አካዳሚው በሚቀበላቸው ፌስቲቫሎች በአጭር ፊልም አሸንፎ ብቁ መሆን ይቻላል፤ ከአፍሪካ የደርባኑ አንዱ ነው። ስድስት ደቂቃ ማውጣት ያማል፣ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ሰው ከቤት ወጥቶ መኪና እስኪገባ ድረስ ያለውን ጉዞ ሁሉ ቁረጥ፤ ብዙውን ጊዜ የሚበላው እሱ ነው። ከዚያ ሃርድ ዲስክህን ይዘህ ቅዳሜ ከሰዓት ና፣ ድምፁን አብረን እናየዋለን።