ማታ ቤታቸው የሚገቡት ግንበኛ

ይህን የምጽፈው የእጅ ሙያ ለመያዝ ለምታስቡና ይዛችሁም ገና ለጀመራችሁ ወጣቶች ነው። ዕድሜዬን በሲቪል መሐንዲስነት ባሕር ዳር ነው ያሳለፍኩት። ብዙ አስተማሪዎች ነበሩኝ። ከሁሉም ይበልጥ ያስተማሩኝ ግን አንድ ግንበኛ ናቸው። ዘንድሮ አረፉ። ሳይት ላይ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር፤ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጋሼ የዘጌ ልጅ ናቸው። ዘጌ በሬ የማይጠመድበት፣ ሰው በቡናና በጌሾ የሚያድርበት አገር ነው። በልጅነታቸው በታንኳ ጣናን ተሻግረው ከተማ ገቡ። ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረበት፣ ባሕር ዳር ገና እየተገነባች የነበረበት ጊዜ ነው። ድንጋይ በማቀበል ጀመሩ። ከዚያ ጠራቢ ሆኑ፣ ቀጥሎም የግንቡ ቀጥታና ልክ የሚታይባቸውን ቱንቢና ውኃ ልክ ያዙ። ማንበብና መጻፍ የተማሩት ጎልማሳ ሆነው ነው፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ።

ታታሪ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ቤተሰቡን የሚወድም እንዲሁ። ጋሼን ልዩ የሚያደርጋቸው ሁለቱን አንዱ ሌላውን ሳይበላው መያዛቸው ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ቤታቸው ናቸው። እንዴት እንደቻሉ ለማወቅ ሥራቸውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

አሸዋ የጫነ መኪና ሲመጣ ጋሼ ሳያዩት አይራገፍም። የውኃ ጠርሙስ ያመጣሉ። ግማሹን አሸዋ ይሞሉታል፣ ውኃ ይጨምሩበታል፣ አጥብቀው ይንጡታል፣ ከዚያ ጥላ ሥር ያስቀምጡታል። ንጹሑ አሸዋ ቶሎ ከታች ይቀመጣል። ጭቃው ዘግይቶ ከላይ ይነጠፋል። የጭቃው ንጣፍ ወፈር ካለ አሸዋው ወይ ይታጠባል ወይ ይመለሳል። ጭቃ ያለበት አሸዋ ሲሚንቶውን በደንብ አያስይዝም። ልስኑ ዓመት ሳይሞላው ይረግፋል። ያን ጊዜ ተመልሶ የሚለስነው ማነው? ግንበኛው ነው፤ ያውም ያለ ክፍያ፣ ከልጆቹ ጊዜ ላይ ቀንሶ።

መሠረት ላይ ደግሞ ቀልድ አያውቁም። ጥቁር አፈር ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ ያረፈ ግድግዳ አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ወጥቶ በገረጋንቲ፣ ማለትም ጠጠር በበዛበት አፈር፣ ተሞልቶ መጠቅጠቅ አለበት። ባለቤቱ ወጪው በዝቶበት «ይብቃ፣ እዚህ ላይ ጀምር» ሲል ጋሼ አይከራከሩም። አካፋቸውን አስቀምጠው ሌላ ግንበኛ እንዲፈልግ ይነግሩታል። አብዛኛው ሰው በማግስቱ ራሱ ይጠራቸዋል። የማይጠራም አለ። እሱንም ተቀብለው ሌላ ሥራ ይፈልጋሉ።

ሶሌታ፣ ማለትም የወለሉ ወይም የጣሪያው ኮንክሪት፣ ከተሞላ በኋላ ያለውን ሳምንት ግን ከሁሉም በላይ አስታውሳለሁ። ብዙ ሰው ኮንክሪት የሚጠነክረው ሲደርቅ ይመስለዋል። የሚጠነክረው ሲሚንቶው ከውኃ ጋር ሲዋሃድ ነው። ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀኑ ቢሆንም፣ የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት እርጥበት ካጣ በኋላ የሚደረግለት ነገር ያን ያህል አያድነውም። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ፀሐይ እንዴት እንደሆነች ታውቃላችሁ። ጋሼ ሶሌታውን በረጠበ ጆንያ ይሸፍኑና ጠዋትና ማታ ያጠጡታል። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ልጆቻቸውን ይዘው በሳይቱ በኩል ያልፋሉ። ትልቁ የውኃ ጎማ ይጎትታል፣ ትንሿ ጆንያ ታስተካክላለች። ልጆቹ አባታቸው ምን እንደሚሠራ ያወቁት እንዲህ ነው።

በ2016 ዓ.ም. አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ አብረን ሄደን ነበር። 380 ሜትሩን በዝግታ፣ በምርኩዝ ተሻገሩት። ሰው ፎቶ ይነሣል። እሳቸው ጎንበስ ብለው መጋጠሚያውን በእጃቸው ይዳስሳሉ። ከዚያ ቀና ብለው ስንት ቀን ውኃ እንዳጠጡት ጠየቁኝ።

እናንተን የምለው ይህን ነው። ማታችሁን የሚበላው ሥራ መብዛቱ ብቻ አይደለም። የተበላሸውን ደግሞ መሥራት ነው። ጠዋት አሸዋውን ያላየ ሰው ማታ ልጁን አያይም። ጋሼ ቀናቸውን የሚያጠብቁት ማታቸውን ለማስለቀቅ ነበር።

ማታቸው ምን ይመስል ነበር? እጃቸውን ታጥበው ልጆቹን ዙሪያቸው አስቀምጠው ደብተር ያያሉ። ራሳቸው ፊደል ሳይቆጥሩ በፊት እንኳ ደብተር ያስገልጡ ነበር፤ የጽሑፉን ቀጥ ማለት ያዩ ነበር። ደመወዛቸው እንዳለ ለባለቤታቸው ይሰጣል። ገንዘቡን የምታውቀው እሷ ናት። ዕቁቡን የምትጥል፣ መቼ ሲሚንቶ እንደሚገዛ የምትወስን እሷ ነበረች። ሁለቱ በዚህ መንገድ አንድ ክፍል የነበረውን ጭቃ ቤት ቀስ በቀስ ባለ ብዙ ክፍል የብሎኬት ቤት አደረጉት። ስለ ጋሼ ሲወራ የእሷ ድርሻ መዘንጋቱ ሁሌም ይከነክነኛል። ያለ እሷ ያ ቤት አይቆምም ነበር።

አንድ ጊዜ ሩቅ አገር ያለ ፕሮጀክት በእጥፍ ክፍያ ጠራቸው። ከባለቤታቸው ጋር ተማከሩና ቀሩ፤ ልጆቹ ገና ትንንሾች ነበሩ። ለሁሉም ሰው እንዲህ አድርግ አልልም። የሚበላው ያጣ ሰው ርቆ ይሄዳል፣ ነውርም የለበትም። ጋሼ ግን የቤታቸው እንጀራ ካልጎደለ በእጥፍ ክፍያ ምን እንደሚገዙ አስበው፣ ከልጆቻቸው ጋር ከሚያመሹት ማታ የሚበልጥ አላገኙበትም።

ያልተመቻቸው ነገርም ነበር፤ እሱን ብደብቃችሁ ምክሬ ግማሽ ይሆናል። ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ በባዶ እጅ ነው የሠሩት። መዳፋቸው ተሰነጣጥቆ ነበር፣ ወገባቸውም ኋላ ላይ አላስቆም አላቸው። እናንተ ጓንትና ቦት ጫማ ሳይዛችሁ ሳይት አትግቡ። አሠሪው ካላቀረበ ጠይቁ፤ እንቢ ካለም ከራሳችሁ ኪስ ግዙ።

ጡረታም አልነበራቸውም። በሽምግልናቸው የያዛቸው ያ ቤት ነው፤ ሁለቱን ክፍል አከራይተው ይኖሩ ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ለእሳቸው ዘግይቶባቸዋል። ለእናንተ ግን አለ። ኮንትራክተር ጋ በቋሚነት ከተቀጠራችሁ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ከእናንተ፣ 11 በመቶ ደግሞ ከአሠሪው ለጡረታ ገቢ መሆን አለበት። ወጣት ሳላችሁ 7 በመቶው ሲቆረጥ ይቆጫችኋል፣ አውቃለሁ። ይቆረጥ። ቅጥር ስትጀምሩ ደመወዙን ጠይቁ፣ ወዲያው ቀጥላችሁ የጡረታ መለያ ቁጥር እንዲወጣላችሁ ጠይቁ። ውሉን በጽሑፍ ተቀበሉና አንድ ቅጂ ቤት አስቀምጡ።