ጥፋቱ የሸክላው ነው ወይስ የማጫወቻው?

ጥያቄ፦ አጎቴ ለሥልጠና ኦሳካ በነበሩበት ጊዜ የገዙትን የሸክላ ማጫወቻና እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን የጃፓኑን የሮክ ባንድ የላውድነስን «ታንደር ኢን ዘ ኢስት» አልበም ሰጡኝ። በ100 ቮልት ትራንስፎርመር ሳጫውተው የዘፋኙ ድምፅ ወፍሮና ተጎትቶ ይሰማል። ጓደኞቼ ሸክላው ተጣሞ ስለሆነ ፀሐይ ላይ አስጣው ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ሸክላውን ፀሐይ ላይ እንዳያሰጡት አደራ እንላለን። የተጣመመ ሸክላ ድምፁ በየዙሩ ከፍ ዝቅ እያለ ይዋዥቃል እንጂ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ዓይነት ዝግታ አይጎተትም፤ ፀሐይ ግን ደህናውን ያጣምመዋል።

ችግሩ ያለው ኤሌክትሪኩ ላይ ይመስለናል። ትራንስፎርመሩ 220 ቮልቱን ወደ 100 ቢያወርደውም ፍሪኩዌንሲውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አይለውጠውም፤ ይህም በኸርዝ ይለካል። ቶኪዮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጄኔሬተሮቿን ከጀርመን፣ ኦሳካ ደግሞ ከአሜሪካ በመግዛታቸው፣ የጃፓን ምሥራቅ እስከ ዛሬ በ50፣ ምዕራቡ በ60 ኸርዝ ይሠራል፤ የእኛ አገር 50 ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን ከመስመሩ ፍሪኩዌንሲ የሚወስድ የኦሳካ ሞተር ደሴ ሲደርስ ከስድስት እጅ አንዱን ያጣል፤ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ መዞር የሚገባው ሸክላም 28 ዙር አይሞላም። በሸክላው መካከል ባለው ክብ ወረቀት ላይ ትንሽ ምልክት ለጥፈው፣ ሰዓት ይዘው ቢቆጥሩ ያረጋግጣሉ። የዘፋኙ የ«ሚኖሩ ኒሃራ» ቀጭንና ከፍ ያለ ድምፅ በዚህ ፍጥነት ከሦስት ግማሽ ቃና በላይ ዝቅ ይላል፤ የአኪራ ታካሳኪ ፈጣን የጊታር ሶሎም ነፍሱን ያጣል። ባንዱ፣ ከእንግሊዛዊው የሮክ ዘፋኝ ከኦዚ ኦዝቦርን ጋር በሠራው በማክስ ኖርማን ፕሮዲውሰርነት፣ ያዘጋጀውና በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ 74ኛ ደረጃ የደረሰው ይህ አልበም እንዲህ ተጎድቶ መሰማቱ በእውነት ያሳዝናል።

አስቀድመው ከማጫወቻው ሥር ወይም ከሳህኑ በታች የ50 እና 60 መምረጫ መኖሩን ይመልከቱ። ከሌለና ሳህኑ በቺንጋ የሚዞር ከሆነ፣ ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ፑሊ አውጥተው ኮምቦልቻ ካሉት ቶርኖ ቤቶች ወደ አንዱ ይውሰዱና፣ ቺንጋው የሚያርፍበት ክብ ዲያሜትሩ በ20 በመቶ የጨመረ፣ የመሐል ቀዳዳው ግን ያልተለወጠ ሌላ ከነሐስ ያስቀርጹ። ቀዳዳው ከመሐል ለጥቂት እንኳ ከወጣ ድምፁ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ለባለሙያው ይህን አጥብቀው ይንገሩት።

በሽፋኑ ጎን የተጠመጠመችውን የጃፓንኛ ጽሑፍ ያለባት ወረቀት አይጣሏት፤ ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚፈልጓት እርሷን ነው። የደሴ ክረምት እርጥበቱ ብርቱ በመሆኑም ሸክላውን ከግድግዳ አርቀው፣ ሳያስተኙ ቀጥ አድርገው ያቁሙት።