የድራይቨርና የሪጉሌተር ጥያቄዎች ከጎንደር

የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ድራይቨር፣ ማለትም አንድን ሃርድዌር የሚያሠራ ፕሮግራም፣ መጻፍ የጀመሩ የጎንደር ልጆች ጥያቄ ልከውልኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። ሁሉም የተቸገሩት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ድራይቨሩን ለቺፑ ቮልቴጅ ከሚሰጠው ሪጉሌተር ጋር ማገናኘት።

ጥያቄ፦ የሙቀት ሴንሰር ድራይቨር እየጻፍኩ ነው። ዲቫይስ ትሪው (የቦርዱን ሃርድዌር ለከርነሉ የሚገልጸው ፋይል) ላይ «ቪሲሲ-ሰፕላይ» ብዬ ሪጉሌተሩን አስገብቻለሁ። ድራይቨሬ «ቪዲዲ» ብሎ ሲጠይቅ ግን ከርነሉ አልተገኘም፣ ደሚ (የውሸት) ሪጉሌተር እጠቀማለሁ ይላል። ሴንሰሩም ዝም ነው። እህትህ ከማራኪ

መልስ፦ እህቴ፣ ስሞቹ ስላልገጠሙ ነው። ድራይቨሩ «ቪዲዲ» ካለ ከርነሉ በሴንሰሩ ኖድ (ዲቫይስ ትሪው ላይ ሴንሰሩን በሚገልጸው ክፍል) ውስጥ የሚፈልገው «ቪዲዲ-ሰፕላይ»ን ነው። ሲያጣው አያቆምም። ሃይሉ ሁሌም እንዳለ ቆጥሮ ደሚ ይሰጥሻል። ድራይቨሩ አብራ ሲለው ደሚው እሺ ይላል፤ ቦርዱ ላይ ግን ምንም አልበራም።

ስሙን ከሴንሰሩ ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ ሰነድ) ውሰጂ። ፒኑ ቪዲዲ ከተባለ ቪዲዲ በይው። የቦርዱን ሪጉሌተር ስም፣ ለምሳሌ «ኤልዲኦ 3»ን፣ ድራይቨሩ ውስጥ እንዳትጽፊ አደራ። ነገ ያው ሴንሰር ሌላ ቦርድ ላይ ከሌላ ሪጉሌተር ሃይል ያገኛል። ድራይቨሩ የራሱን ፒን ይወቅ፤ ሃይሉ ከየት እንደሚመጣ ዲቫይስ ትሪው ይናገር። በ2008 እ.ኤ.አ. በከርነል 2.6.27 የገባው የሪጉሌተር ማዕቀፍ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። እኔም የምወድለት ይህንኑ ነው። ሰፕላዩ እንደ ቦርዱ ሊኖርም ላይኖርም የሚችል ከሆነ ብቻ «ሪጉሌተር ጌት ኦፕሽናል»ን ተጠቀሚ። እሱ ደሚ አይሰጥም፤ ሲያጣ -19 የሚለውን የስህተት ቁጥር ይመልሳል።

ጥያቄ፦ ሪጉሌተሩን ስጠይቅ -517 የሚል የስህተት ቁጥር ይመጣል። ቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን? ወንድምህ ከአራዳ

መልስ፦ ኧረ አልተበላሸም። የሪጉሌተሩ ድራይቨር ገና አልተነሳም ማለት ነው። ቁጥሩን ሳትነካ መልሰው፤ ከርነሉ ቆይቶ ራሱ ይሞክርልሃል። ብዙ ቆይቶም ካልተፈታ የሪጉሌተሩ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ መካተቱን እይ።

ጥያቄ፦ ቦርዱ ሲነሳ ስክሪኑ ይበራል፤ ግማሽ ደቂቃ አካባቢ ቆይቶ ጥፍት ይላል። ሪጉሌተሩን «ኦልዌይስ ኦን» (ሁሌም የበራ) ባደርገው ችግር አለው? ከአዘዞ፣ የጥገና ባለሙያ

መልስ፦ ጋሼ፣ ስክሪኑን ያበራው ቡትሎደሩ፣ ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ነው። ከርነሉ ከተነሳ ከ30 ሰከንድ ገደማ በኋላ ማንም ያልያዛቸውን ሪጉሌተሮች ያጠፋል። የስክሪኑ ድራይቨር ሪጉሌተሩን ስላልጠየቀ ከርነሉ ትርፍ ነው ብሎ አጠፋው። «ኦልዌይስ ኦን» ስክሪኑን ያቆየዋል፤ እኔ ግን አልመክርዎትም። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚሰራ መሣሪያ ከሆነ ስክሪኑ ጠፍቶም ሪጉሌተሩ ባትሪውን ይበላል። ድራይቨሩ ራሱ ያብራ፣ ራሱ ያጥፋ። የትኛውን ሪጉሌተር ማን እንደያዘ ለማየት ዲበግኤፍኤስ (ከርነሉ ለስህተት ፍለጋ መረጃ የሚያሳይበት የፋይል ሲስተም) ውስጥ ያለውን «ሪጉሌተር ሰመሪ» ፋይል ያንብቡ። ብዙ ድካም ይቀንስልዎታል።

ጥያቄ፦ 3.3 ቮልት እንዲሆን 3300 ብሰጠው እምቢ አለ።

መልስ፦ መለኪያው ማይክሮቮልት ነው፤ 3300000 በለው። ዲቫይስ ትሪው ላይ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ካልተጻፈም ቮልቴጁን መቀየር አይፈቀድልህም።

ጥያቄ፦ «ዴቭኤም»ን (ድራይቨሩ ሲወጣ የያዘውን ራሱ የሚመልሰውን የከርነል ዘዴ) እየተጠቀምኩ ድራይቨሩን ከከርነሉ ሳወጣው ለምን ማስጠንቀቂያ ይመጣል?

መልስ፦ አብርተህ ሳታጠፋ ስለወጣህ ነው። ከርነሉ ይቆጥራል፤ ስንት ጊዜ ካበራህ ያን ያህል ጊዜ አጥፋ። ያንኑ ሪጉሌተር ኤስዲ ካርዱም ሊጋራው ስለሚችል የመጨረሻው ተጠቃሚ እስኪለቀው ድረስ አይጠፋም። የተለመደው «ዴቭኤም ሪጉሌተር ጌት» ሪጉሌተሩን ይመልስልሃል እንጂ አያጠፋልህም። ድራይቨሩ እስካለ ድረስ ሃይሉ በርቶ የሚቆይ ከሆነ «ዴቭኤም ሪጉሌተር ጌት ኢኔብል»ን ጥራ፤ ማብራቱንም ማጥፋቱንም እሱ ይሠራልሃል።