ጉም አፍ የለውም

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የጎረቤቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። አሥረኛ ክፍል ናት። «ጋሼ፣ ሰውኛ ዘይቤ ከሰዋስው ስህተት በምን ይለያል?» አለችኝ። ሰውኛ ሰው ያልሆነውን ነገር እንደ ሰው ማናገር፣ እንደ ሰው ማሠራት እንደሆነ ነግሬ ሸኘኋት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በ1978 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ጀማሪ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። ተማሪዎቼን ስለ አካባቢያቸው አንድ አንቀጽ ጻፉ አልኳቸው። ከድርቁ በኋላ ከገጠር መጥታ አክስቷ ዘንድ የተጠጋች፣ ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። አንቀጿን እንዲህ ብላ ጀመረች፦ «ዘ ፎግ ኢት ዘ ጦሳ።» ጉሙ ጦሳን በላው።

ሦስት ቦታ በቀይ አቀለምኩት። የአንድ ተራራ ስም «ዘ» አያስፈልገውም፤ ኪሊማንጃሮ ብቻውን ይቆማል፣ «ዘ» የሚገባው እንደ አልፕስ ላለ የተራሮች ሰንሰለት ነው። ባለቤቱ ሦስተኛ መደብ ነጠላ ስለሆነም ግሱን «ኢትስ» ብዬ አረምኩት። እነዚህ ሁለቱ ትክክል ናቸው፣ ዛሬም አርማቸዋለሁ። ሦስተኛው ላይ ግሱን አክብቤ በኅዳጉ «ጉም አፍ የለውም» ብዬ ጻፍኩ። ይህም አልበቃኝ ብሎ ለክፍሉ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሳቁባት።

በክረምት ጠዋት የደሴ ጉም ከጦሳ አናት ይነሣና ቁልቁል እየወረደ ቤቱን ሁሉ ይሸፍናል። ቀና ስትሉ ተራራው የለም። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ረዳቱ ፋኖስ ይዞ ከፊት ከፊቱ እየሄደ መንገድ የሚያሳየው ጊዜ ነበር። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ፀሐይ ነው። ማታ ቤት ገብቶ ካፖርቱን እያወለቀ፣ «ሐረጎ ላይ ጉም ውጦን፣ ታች ሲደርስ ተፋን» ይለን ነበር። ይህን እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ነኝ እንግዲህ የልጅቱን ጉም አፍ የነሣሁት። በዚያው ጠዋት ክፍል የገባሁትም «ብርዱ ቆረጠኝ» እያልኩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጅቱ «ትምህርት ቤቴ ትልቅ ነው»፣ «አክስቴ ደግ ናት» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮችን ብቻ ጻፈች። አንድም ስህተት የለባቸውም። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት፤ የተሻሻለች መስሎኝ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ትምህርቷን ትታ ሄደች።

«ጉሙ እንደ ጅብ በላው» ብትል ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው። «ጉሙ ጅብ ነው» ብትል ተለዋጭ ይሆናል። እሷ የጻፈችውን ሰውኛ የሚለውም ተለዋጭ የሚለውም አለ፤ በስሙ አልከራከርም። የዛሬ ልጆች ስሙን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ፈተና ላይ ትክክለኛውን ፊደል ታከብባላችሁ። አንድ ምሳሌ ከራሳችሁ አምጡ ስትባሉ ግን ስልካችሁን ታወጣላችሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። ሽምደዳ ዐይን አይሆንም። ሆኖም ሥርዓት የለሽ ግሶችን ሸምድዱ፤ «ኢት፣ ኤት፣ ኢትን» በቃል ካልተያዘ ሌላ መንገድ አላገኘሁለትም።

ሌሊቱን ያነቃኝም ይኸው ግስ ነው። ልጅቱ ልማድን ተናግራ ከሆነ፣ ጉሙ በየጠዋቱ ጦሳን የሚበላው ከሆነ፣ «ኢትስ» ያልኳት ልክ ነው። ያን ጠዋት በመስኮት ያየችውን ከሆነ የጻፈችው ግን ግሱ በኃላፊ ጊዜ «ኤት» መሆን ነበረበት፤ ሁለተኛው እርማቴም ስህተት ነበር ማለት ነው። ዐረፍተ ነገሩ ብቻውን አይነግረኝም። ልጅቱ ግን ከፊቴ ተቀምጣ ነበር፤ በየቀኑ ነው ወይስ ዛሬ ብዬ አልጠየቅኳትም።