የብስክሌት ቸርኬና የፍሬን ጎማ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። በክረምት የፍሬኑ ጎማ ቶሎ ያልቃል፤ ቸርኬውም እየተቦረቦረ ነው። ምን ዓይነት ልግዛ?

መልስ፦ ዝናብ ለሚበዛበት ከተማ የአሉሚኒየም ቸርኬ እንዲመርጡ አጥብቀን እንመክራለን፤ ክሮም የተለበጠ ብረት ጠንካራ ቢሆንም፣ ሲረጥብ ፍሬን በቀላሉ አይዘውምና አደገኛ ነው። ቸርኬዎን በአብዛኛው የሚበላው በፍሬኑ ጎማ ላይ የተሰገሰገው አሸዋና የአሉሚኒየም ስባሪ ስለሆነ፣ ጭቃ ውስጥ ከነዱ በኋላ ቸርኬውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፤ የፍሬኑን ጎማም ፈትተው የሚያብረቀርቁትን ቅንጣቶች በመርፌ ጫፍ ይንቀሉ፤ ፊቱንም በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ያሻክሩት። በፍሬኑ ጎማ ፊት ላይ ያሉት ቦዮች ከጠፉ የፍሬኑ ጎማ ይለወጥ። በቸርኬው ጎን ላይ ማስመሪያ ሲያስደግፉ መሃሉ በግልጽ ከሰረጎደ ግን፣ በጎማው የአየር ግፊት ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ዛሬውኑ ይቀይሩት።