ከእሳቱ ይልቅ ውኃውን ፍራ
የሹፌሮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዓምድዎን አዘውትሬ አነባለሁ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። እስካሁን በአይሱዙ አሸዋና እህል ስጭን ቆይቻለሁ። የፈሳሽ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሰነባብቻለሁ፤ አሁን አንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ የአስፋልት ቦቴ ሊሰጠኝ ነው። ሰኞ እጀምራለሁ። ሥራው ካምፕ ላይ ከበርሜል እየቀለጠ የሚወጣውን ሬንጅ ወደ ሳይት ማድረስ ነው። አንዳንዴም ከአዲስ አበባ በኩል ጭኖ መምጣት አለ። እናቴ “እሳት ላይ ተቀምጠህ ልትነዳ ነው” ብላ እንቅልፍ አጥታለች። እኔም በሆዴ ፈርቻለሁ፤ ለጓደኞቼ ግን ትንፍሽ አላልኩም። እውነት ይፈነዳል? ከደረቅ ጭነትስ በምን ይለያል?
ጀማሪው፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። መፍራትህን አትደብቀው። እንዲያውም ይህን ጭነት የማይፈራ ረዳት ከሰጡህ “ቀይሩልኝ” በል።

የእናትህ ነገር ቀላል ነው። መንገድ ላይ የሚነጠፈው ተራ ሬንጅ፣ ሳይት ላይ 80/100 ወይም 60/70 ሲሉት የምትሰማው፣ እንደ ቤንዚን በብልጭታ አይያያዝም። ተኑ እሳት የሚይዘው ከ230 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። አንተ የምትጭነው 150፣ ቢበዛ 170 ዲግሪ ቢሆን ነው። ስለዚህ እናትህን አረጋጋልኝ።

ለየት ያለ ጭነት ግን አለ፤ ኤምሲ 30 ይሉታል። ከአስፋልቱ በፊት ጠጠሩ ላይ የሚረጨው ቀጭኑ ነው። ላምባ ስላለበት በቀላሉ ይያያዛል፤ እንደ ሬንጁም 150 ድረስ አይሞቅም። ሬንጅ አራግፎ ገና ትኩስ የሆነ ቦቴ ላይ “ኤምሲውን ጫን” ካሉህ አትጫን። ይቀዝቅዝ በል። ፎርማኑ ይቆጣል። ይቆጣ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። አዲስ የአስፋልት ቦቴ ሹፌር እሳት እሳቱን ያያል። አብዛኛውን ጊዜ ጉድ የሚሠራው ግን ውኃ ነው። ቦቴው ባዶውን ቆሞ ክዳኑ በደንብ አልተዘጋም እንበል። ሌሊቱን ዘነበ። የእኛን ክረምት ታውቀዋለህ፤ ሐምሌ ላይ ጣና ዳር ያደረ ክፍት ዕቃ ጠዋት ምን እንደሚመስል አይጠፋህም። ታንኩ ውስጥ፣ ከሥር፣ ጥቂት ሊትር ውኃ ተኛ። ጠዋት 150 ዲግሪ የሆነ ሬንጅ ከላዩ ለቀቁበት። ውኃ ባሕር ዳር ላይ ከፍታው ስላለ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ ያ ውኃ ባንዴ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ሲሆን ደግሞ ከ1,500 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ሬንጁ አረፋ ሆኖ ሽቅብ ይነሳና በክዳኑ ይወጣል። እዚያ ላይ ጎንበስ ብሎ “ሞላ እንዴ?” የሚል ሰው ካለ አለቀለት።

ውኃው በዝናብ ብቻ አይገባም። ቦቴው ትናንት ኢሙልሽን፣ ማለትም በውኃ የተበጠበጠ ሬንጅ፣ ጭኖ ከነበረ፣ ያ ራሱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። ሰኞ ካምፕ ስትደርስ የመጀመሪያው ጥያቄህ ስለ አበል አይሁን። “ይህ ቦቴ በመጨረሻ ምን ጭኖ ነበር?” በል። የሚያውቅ ሰው ካላገኘህ ውኃ አለ ብለህ ተነሳ። የታችኛውን ቫልቭ ከፍተህ አንጠፍጥፍ። የክዳኑን ጎማ በእጅህ ዳብሰህ እይ፤ ከተሰነጠቀ ይቀየር። መጫን ሲጀመር ቀስ ተብሎ ይለቀቅ፤ ማንም ክዳኑ አጠገብ አይቁም። የመንጣጣት ድምፅ ወይም አረፋ ካለ ወዲያው ይቁም።

የክዳኑ ነገር ከተነሳ አከፋፈቱን ልንገርህ፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምርህምና። መሰላሉን ከመውጣትህ በፊት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እይ። ሐይቁ አጠገብ ከሆንክ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ከውኃው ወደ ከተማው ይነፍሳል። አንተ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቁም። ብሎኑን ባንዴ አትፍታው፤ ትንሽ አላላና ጠብቅ። ሲተነፍስ ትሰማዋለህ። ትንፋሹ ሲያልቅ ፊትህን አዙረህ፣ እጅህን ዘርግተህ ክፈት። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተህ ውረድ። ሬንጅ ታንክ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይጠራቀማል። ክፋቱ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ የሚመስልህ ሲብስ ነው። ታንክ ውስጥ ገብቶ መጥረግ ደግሞ የአንተም የረዳትህም ሥራ አይደለም። ቢለምኑህም፣ ብር ቢጨምሩልህም።

በርነሩን፣ ማለትም ታንኩን የሚያሞቀውን እሳት፣ ማራገፍ ሳትጀምር አጥፋ። ታንኩ ውስጥ ያሉት የማሞቂያ ቱቦዎች በሬንጅ ካልተሸፈኑ እስኪቀሉ ይግላሉ፤ ያን ጊዜ ነው የእናትህ ፍርሃት እውነት የሚሆነው። እየነዱ በርነር ማቀጣጠል የሚባል ነገር የለም። ቫልቭ ደርቆ እምቢ ሲል ጨርቅ በናፍጣ ነክረው የሚለኩሱ ታያለህ፤ “ሁሌ እንዲህ ነው የምናደርገው” ይሉሃል። አንተ አታድርገው።

ልብስህ ጥጥ ይሁን፤ ናይለን ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ሱሪህን ቦቲው ውስጥ አትክተተው፣ ከላይ ይውረድ። ውስጥ ከከተትከው የፈሰሰው ሬንጅ እግርህ ውስጥ ነው የሚገባው። በሚያዝያ ሙቀት ቱታውን እስከ ወገብ ማውለቅ ያምርሃል፤ ሳይት ላይ ሞልቷል እንዲህ የሚያደርግ። አንተ ቻለው። ጋቢና ውስጥ ሁሌ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውኃ ይኑር። ሬንጅ ቆዳ ላይ ካረፈ ወዲያው ውኃ አፍስስበት፤ ሙቀቱ እስኪወጣ ደጋግመህ። ግን አትላጠው። ቆዳው አብሮ ይነሳል። ክንድ ወይም ጣት ዙሪያውን ከያዘ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ያጠብቃል፣ ደም ያቆማል። ሳታመነታ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ሂድ።

ስለ መንዳቱ። አሸዋ ከጫንክበት ቦታ አይንቀሳቀስም። ሬንጅ ወፍራም ስለሚመስል አይዋልልም ብለህ እንዳትታለል፤ 150 ዲግሪ ላይ ቀጥኖ ይፈሳል። ሴቶች ውኃ ሲቀዱ እንስራው ላይ ቅጠል ጣል የሚያደርጉት እንዳይናወጥ ነው፤ ታንኩ ውስጥ ያሉት መከፋፈያ ብረቶችም ሥራቸው እሱ ነው። ግን የሚያበርዱት የፊትና የኋላውን ነው፣ የጎኑን አይደለም። ስለዚህ አደገኛው ሙሉው ቦቴ ሳይሆን ግማሽ የተራገፈው ነው። ሁለት ሳይት ላይ ከፋፍለህ የምታራግፍ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ስትወጣ አደባባይ ላይ ቀስ በል። ባጃጁና ብስክሌቱ ፊትህ ድንገት ሲገባ መሪ መጠምዘዝ ልማድህ ከሆነ ከአይሱዙው ጋር ተወው። ፍሬን ያዝ፣ መሪውን ቀጥ አድርግ።

ከአዲስ አበባ ስትመጣ ዓባይ በረሃ አለልህ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከሺህ ሜትር በላይ ነው የምትወርደው። ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማርሽ ቀንስ፤ መሐል ላይ ለመቀነስ ስትታገል ማርሹ እምቢ ካለህ ያለ ማርሽ፣ በፎሌ ትቀራለህ። በሞተር ፍሬን ውረድ፣ የእግሩን አታቃጥለው። “ነዳጅ ለመቆጠብ” በፎሌ የሚወርዱ ሰዎች አሉ። ምክር አልሰጣቸውም፤ አንተ ግን ከኋላቸው ራቅ በል።

አንድ የገንዘብ ጉዳይ ልጨምርና ላብቃ። ሬንጅ ሲሞቅ ይነፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። 15 ዲግሪ ላይ 1,000 ሊትር የነበረው 150 ሲደርስ ወደ 1,080 ይጠጋል። ሁለት ነገር ተማርበት። አንደኛ፣ ታንክ እስከ አፍ አይሞላም። ሁለተኛ፣ ትኩስ በሊትር ተረክበህ ሳይት ላይ ቀዝቀዝ ሲል በሊትር ብታስረክብ “ጎደለ” ይሉሃል፤ ደሞዝህ ላይ ይመጣሉ። በሚዛን ተረከብ፣ በሚዛን አስረክብ፣ የሚዛኑን ወረቀት ያዝ። ውል ከመፈረምህ በፊት ይህ ይጻፍልኝ በል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የአስፋልት ቦቴ ሹፌር ነው። ማታ ሲመጣ እጁን በቤንዚን ይታጠባል። እዚያው ማዕድ ቤት አጠገብ ነው የሚታጠበው። ብናገረው አይሰማኝም።
ከጣና ክፍለ ከተማ

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ እሱ ተሳስቷል። ቤንዚን ቆዳ ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። ምድጃ አጠገብ ደግሞ ቤት ያቃጥላል። ሬንጁ ቀዝቅዞ የቀረ ቅሪት ከሆነ የምግብ ዘይት ይበቃዋል። ዘይቱን ቀብቶ ይሸው፣ ትንሽ ይቆይ፣ በጨርቅ ይጥረገው፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠብ። ዘይት ተወደደ ካለ ለአንድ እጅ የሚያስፈልገው ሁለት ማንኪያ እንደሆነ ንገሪው። ቱታውን ከልጆቹ ልብስ ጋር አትዘፍዝፊው፤ ለብቻው ይታጠብ። ቁስል ካለበት ግን በዘይትም በምንም አትነካኩት፣ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ረዳቴ ካምፕ ላይ ከቦቴው ጥላ ሥር ከሰል አያይዞ ቡና ያፈላል። ሬንጁ እሳት አይዝም ተብሏልና ችግር አለው?
ከሐሙሲት

መልስ፦ አለው። ከክዳኑና ከቫልቩ የሚወጣው ተን የምን እንደሆነ ረዳትህ በዓይኑ ለይቶ አያውቅም፤ ነገ ደግሞ የሚጫነው ኤምሲ 30 ሊሆን ይችላል። ቡናውን አልከለክልም። ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ከቦቴው ወደ ከሰሉ በማይነፍስበት በኩል ያፍላው። ጥላ ከፈለገ የሾላ ዛፍ አይጠፋም።