ድኛለሁ ወይስ ጋብ ብሎልኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ነዎት? የምኖረው ጅማ ነው፣ ዕድሜዬ 31 ነው። ፊቴ ላይ ሽፍታ ሲወጣብኝ ቤተሰቡ «ምች ነው» ብሎ በዳማከሴ ሲያሸኝ ከረመ። በኋላ መገጣጠሚያዬ አላላውስ ሲለኝ ሆስፒታል ሄድኩ፣ ሉፐስ ተባለ፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ ነው አሉኝ። አሁን 3 ዓመት ሙሉ ምንም አላመመኝም። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን መድኃኒት ሐኪሜ ቀስ በቀስ ቀንሶ አስቁሞኛል፣ የቀረኝ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባለው ክኒን ብቻ ነው። አማቴ «ድነሻል እኮ፣ ጤነኛ ሰው ምን ክኒን ያስውጠዋል?» ይሉኛል። መውለድም እፈልጋለሁ። ላቁመው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። 3 ዓመት ቀላል አይደለም። ምች መባሉም አይገርመኝም፣ ሉፐስ ፀሐይ ሲነካው ስለሚብስ ቤተሰቦችሽ ከመሬት ተነስተው አይደለም የገመቱት።

ክኒኑን ግን አታቁሚ። ያንቺ ሁኔታ ሐኪሞች ሪሚሽን የሚሉት ነው፣ በሽታው ጋብ ብሏል እንጂ ነቅሎ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት አንድ ሰው ሪሚሽን ላይ ነው የሚባለው በምርመራ የበሽታው ምልክት ሲጠፋ ነው፣ ፕሬድኒሶሎን ቢወስድ እንኳን በቀን ከ5 ሚሊ ግራም ካልበለጠ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን እየዋጡም ሪሚሽን ሪሚሽን ነው። ስለዚህ «ክኒን ላይ ነኝና አልተሻለኝም» ብለሽ አትዘኚ።

ቢቆምስ? ይኼ ተሞክሯል። በ1991 የወጣ የካናዳ ጥናት በሽታው ጋብ ያለላቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹ ይህንኑ መድኃኒት እንዲቀጥሉ፣ ግማሾቹ ሳያውቁት መድኃኒት የሌለበት ክኒን እንዲውጡ አደረገ። 6 ወር ሳይሞላ ባቆሙት ላይ የማገርሸቱ ዕድል 2.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ኩላሊት ነው። ሉፐስ ኩላሊት ውስጥ ሲገባ አያምም። ሽንትሽ እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ ይይዛል፣ ጠዋት የዓይንሽ ቆብ ያብጣል፣ ማታ ካልሲሽን ስታወልቂ ላስቲኩ እግርሽ ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ይተዋል፤ አንዳንዴ ይኼም ሳይታይ በሽንት ምርመራ ብቻ ነው የሚያዘው። ስለዚህ ደህና ነኝ ብለሽ ቀጠሮ አትዝለይ። መድኃኒቱን ከጀመርሽ 5 ዓመት ሲሞላሽ ዓይንሽንም በየዓመቱ ታዪ። የጅማ ሰማይ ደመና ነው ብለሽም ጥላሽን ቤት አትተዪ፣ ጨረሩ ደመናውን ያልፋል።

መውለዱን በተመለከተ፣ ከማርገዝ በፊት በሽታው ቢያንስ 6 ወር ጋብ ማለት አለበት፣ አንቺ እሱን አልፈሻል። ከማርገዝሽ በፊት ግን ለሐኪምሽ ንገሪው፣ ኩላሊትሽንና የደም ግፊትሽን ይይልሽ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን በእርግዝናም ይቀጥላል፣ ጽንሱን አይጎዳም፤ እንዲያውም እርጉዝ ሆነሽ እንዳያገረሽብሽ ይረዳል።

አማትሽን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ከሐኪሙ አፍ ይስሙት። እስከዚያ «ለልጅ ልጅዎም ነው የምውጠው» በያቸው።